የኤሌክትሪክ ሽቦ መላጥ፦ የመሣሪያ ምርጫና የአሠራር ጥንቃቄ ለምዕራብ ጎጃም ነዋሪዎች

ይህ መረጃ በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በአካባቢው ባሉ የገጠር ቀበሌዎች በመኖሪያ ቤታቸው፣ በሱቃቸው ወይም በወፍጮ ቤታቸው የኤሌክትሪክ መስመር ለሚያስዘረጉና ለሚያስጠግኑ፣ እንዲሁም አነስተኛ ጥገና ራሳቸው ለሚያከናውኑ ተገልጋዮች የተዘጋጀ ነው። ርዕሱ ጠባብ ይመስላል። ከሽቦ ጫፍ ላይ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል የፕላስቲክ ልባስ ማንሣት የደቂቃ ሥራ ነው፤ ሶኬት ወይም ስፒና የቀየረ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ይሁን እንጂ በዚያች አንድ ሴንቲ ሜትር ላይ የተፈጸመ ስህተት የሶኬቱ ክዳን ሲገጠም ከዓይን ይሰወራል። የሚገለጠው ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ ነው፤ ምጣድ በተጣደ ቁጥር በሚሞቅ ሶኬት፣ በጠቆረ ግድግዳ፣ ከዚያም በከፋ አደጋ።

መታወስ ያለበት ዋና ነጥብ፣ ሽቦ መላጥ ማለት ልባሱን ማውለቅ እንጂ ብረቱን መንካት አለመሆኑ ነው። የትኛውም መሣሪያና የትኛውም ዘዴ የሚመዘነው ከልባሱ ሥር ያለውን መዳብ ሳያቆስል በመተዉ ነው።

የትኛው ሥራ የማን ነው?

ከምሰሶው ተነሥቶ እስከ ቆጣሪው ያለው መስመርና ቆጣሪው ራሱ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ኃላፊነት ነው። ደንበኛው በዚህ ክፍል ላይ ያለውን ሽቦ መላጥ፣ መቀጠልም ሆነ የቆጣሪውን እሽግ መክፈት አይችልም። ክልከላው የሕግ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ከቆጣሪው በፊት ያለውን ሽቦ ደንበኛው በራሱ ብሬከር ሊያጠፋው ስለማይችል፣ የሚነካው ሁልጊዜ ኃይል ያለውን ሽቦ ነው።

ከቆጣሪው በኋላ ያለው የቤት ውስጥ መስመር የደንበኛው ነው። አዲስ ዝርጋታ፣ የምጣድ መስመር፣ የባለ ሦስት ፌዝ ሞተር መስመርና የመሬት መስመር ሥራ ግን ብቃቱ ለተረጋገጠ ባለሙያ የሚተው ነው። ለነዋሪው የሚቀረው ስፒና መቀየር፣ የአምፖል መያዣ መተካት፣ የተሰበረ ሶኬት ማንሣትና እነዚህን የመሰለ ሥራ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚቀርበውም በዋናነት ይህን ይመለከታል። ሥራውን ለባለሙያ የሰጠ ተገልጋይም ቢሆን የተሠራለትን ለመመዘን ይጠቅመዋል ብለን እናምናለን።

ጠፋ እና ተዘጋ አንድ አይደሉም

መብራት ሲጠፋ «አሁን ነው ጊዜው» ብሎ ካቻቢቴና ፒንሳ የሚያነሣ ሰው ጥቂት አይደለም። መስመሩ ኃይል ስለሌለው አደጋ የለም ተብሎ ይታሰባል። በእኛ እይታ ከሽቦ ሥራ ጋር ከተያያዙ ልማዶች ሁሉ እጅግ አደገኛው ይህ ነው። የተቋረጠ ኃይል መቼ እንደሚመለስ በእጁ ባዶ ሽቦ የያዘ ሰው አያውቅም፤ ሲመለስም አስቀድሞ አያስጠነቅቅም። ስለዚህ መብራት ቢጠፋም ባይጠፋም ዋናው ብሬከር በእጅ ወደ ታች መውረድ አለበት።

እንዲያውም ሥራውን መብራት ባለበት ሰዓት ማከናወን ይሻላል። ምክንያቱ ቴስተሩ ነው። ቴስተር በትክክል መሥራቱ የሚታወቀው ኃይል እንዳለው በተረጋገጠ ሶኬት ላይ ሲሞከር ብቻ ነው። በቅድሚያ በሚሠራ ሶኬት ላይ ይሞክሩት፤ ብሬከሩን ያጥፉ፤ ከዚያ ሊሠሩበት ያሰቡትን እያንዳንዱን ሽቦ ለየብቻ ይፈትሹ። በመጨረሻም ቴስተሩ በመካከል እንዳልተበላሸ ለማወቅ ኃይል ባለው ሌላ ቦታ ላይ ደግመው ይሞክሩት። በጠፋ መብራት ውስጥ ይህ ሁሉ አይቻልም፤ ያልበራ ቴስተር መስመሩ ኃይል የለውም ይበል ወይም ራሱ ተበላሽቶ ይሁን መለየት አይቻልም።

እያንዳንዱን ሽቦ ለየብቻ ይፈትሹ የተባለው ያለ ምክንያት አይደለም። በብዙ ቤቶች ያለው ብሬከር አንዱን ሽቦ ብቻ የሚያቋርጥ ነው። በዝርጋታ ጊዜ ፌዝና ኒውትራል ተቀያይረው ከገቡ ብሬከሩ ኒውትራሉን ይዘጋና ፌዙ እንዳለ ይቀራል። አምፖሉ ጠፍቷል፤ ሽቦው ግን 220 ቮልት እንደተሸከመ ነው። የሽቦ ቀለምም ብቻውን ማስረጃ ሊሆን አይችልም። አረንጓዴና ቢጫ ለመሬት መስመር፣ ሰማያዊ ለኒውትራል መሆኑ የታወቀ ቢሆንም፣ በእጅ የተገኘው ቀለም ሁሉ የተዘረጋባቸው ቤቶች ብዙ ናቸው።

መስመሩ ከጎረቤት ቆጣሪ የተጎተተ ከሆነ ብሬከሩ ያለው በጎረቤት ቤት ነው። በዚህ ጊዜ አንድ ሰው ብሬከሩ ዘንድ እንዲቆም ማድረግ፣ ይህ ካልተቻለ የብሬከሩን ሳጥን ቆልፎ ቁልፉን ኪስ ውስጥ መያዝ ያስፈልጋል። በብሬከሩ ላይ ናስትሮ መለጠፍና «ሰው እየሠራ ነው» ብሎ መጻፍ ቀላል ጥንቃቄ ነው። ጄኔሬተር ባለበት ሱቅ ወይም ወፍጮ ቤት ደግሞ ጄኔሬተሩም መጥፋቱን ያረጋግጡ።

በየቤቱ የሚሠራባቸው ዘዴዎች

ጥርስ። ብዙዎቻችን ስናድግ ያየነው ነው። ጥርስ ልባሱን ቆርጦ አያነሣም፤ ይጎትተዋል። የተለጠጠው ፕላስቲክ ከመዳቡ ላይ ሳስቶ ይቀራል፤ ቀጫጭን ክሮችም አብረው ይበጠሳሉ። ሽቦው በስህተት ኃይል ካለው የሚደርሰውን መናገር አያስፈልግም።

ምላጭና የወጥ ቤት ቢላ። ችግሩ ስለቱ ሳይሆን አቅጣጫው ነው። ቢላውን ሽቦው ላይ ቀጥ አድርጎ አቁሞ ዙሪያውን የሚያዞር ሰው ልባሱን ጨርሶ መዳቡ ላይ ቀለበት ያሰምራል። ድፍን ሽቦ እንዲህ ዓይነት ቀለበት ካለበት ሶኬቱ ውስጥ ሲታጠፍ እዚያው ላይ ይሰነጠቃል። ብዙ ሰው እንደሚያስበው ጭረቱ ራሱ ብዙ ሙቀት አይፈጥርም፤ ርዝመቱ እጅግ አጭር ነውና። አደጋው በኋላ የሚመጣው ነው። የተሰነጠቀው ሽቦ በጭነት እየሞቀና እየቀዘቀዘ፣ ስፒና ሲሰካና ሲነቀል እየተነቃነቀ ወደ መበጠስ ይደርሳል፤ ግማሹ በተበጠሰበት ቦታ ላይ ብልጭታ ይጀምራል።

ሌላ መሣሪያ ከሌለና ቢላ መጠቀም ግድ ከሆነ እርሳስ እንደሚቀረጽ ያድርጉ። ስለቱን አጋድመው፣ ከእጅዎ ወደ ውጭ እየገፉ፣ ልባሱን ከአንድ ወገን ይሸልቱ፤ የቀረውን በእጅ ገልብጠው ይቁረጡ። መዳቡን ዙሪያውን የሚነካ ስለት ስለማይኖር የሚቆስልበት ዕድል ይቀንሳል። ጣት ግን ሊቆስል ይችላል፤ ሽቦውን ጭን ላይ አድርጎ መቁረጥ ፈጽሞ አይመከርም።

እሳት። ልባሱን በክብሪት ወይም በላይተር አቃጥሎ ማራገፍ ከሁሉም የከፋው ነው። ልማዱ የመጣው፣ እንደምንገምተው፣ መዳብ ለቁራሌው ለመሸጥ አሮጌ ሽቦ ከሚቃጠልበት ነው። ለሽያጭም ቢሆን ጎጂ ነው፤ ለሥራ ደግሞ ጨርሶ አይሆንም። የአብዛኛው ሽቦ ልባስ ፒ.ቪ.ሲ የተባለ ክሎሪን ያለበት ፕላስቲክ ነው። ሲቃጠል የሚወጣው ጭስ ሃይድሮጂን ክሎራይድ ይይዛል፤ ዓይንንና ሳንባን ያቃጥላል፤ ከእርጥበት ጋር ሲገናኝ አሲድ ሆኖ መዳቡን ይበላል። የጠቆረው መዳብ ብሎን ሥር ሲገባ በደንብ አይነካካም። ሙቀቱም ሳይላጥ የሚቀረውን ልባስ አለስልሶ ያበላሸዋል፤ ይህ ልባስ ለዘለቄታው የተሠራው እስከ 70 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ለሚደርስ ሙቀት ነውና።

የትኛው መሣሪያ ይመረጣል?

በገበያ ላይ የሚገኙት የሽቦ መላጫዎች በሦስት ይከፈላሉ። አንደኛው ባለ ብሎን መላጫ ነው፤ መንጋጋው ምን ያህል እንደሚዘጋ በትንሽ ብሎን ይስተካከላል። ርካሽና ጠንካራ ነው፤ ነገር ግን የሽቦው ውፍረት በተቀየረ ቁጥር ማስተካከል ይጠይቃል። ይህን የሚረሳ ሰው በእጁ የያዘው ከተራ መቁረጫ የተሻለ አይደለም። ሁለተኛው በመንጋጋው ላይ ለእያንዳንዱ የሽቦ መጠን የተለየ ቀዳዳ ያለው ነው። ሦስተኛው ሽቦውን ራሱ ይዞ፣ ልባሱን ቆርጦ፣ በአንድ ጭብጥ የሚጎትት አውቶማቲክ መላጫ ነው።

በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ ስፒና ለሚቀይር ቤተሰብ ባለ ቀዳዳው በቂ ነው፤ የሚበላሽ ነገር የለበትም፣ ልጅም አዋቂም አሠራሩን በአንድ እይታ ይረዳዋል። አውቶማቲኩ በቀን ብዙ ጫፍ ለሚልጥ ባለሙያ ጊዜ ይቆጥባል። ይሁን እንጂ ጥራቱ ዝቅ ያለው ዓይነት ጠንካራ ልባስ ሲያጋጥመው ይንሸራተታል ወይም ቀጫጭን ክሮችን ይበጥሳል። በዋጋ ውድ ስለሆነ ብቻ ይሻላል ማለት አይደለም።

ባለ ቀዳዳውን ለሚገዙ አንድ ጠቃሚ ማሳሰቢያ አለን። በአገራችን ሽቦ የሚሸጠው በሚሊ ሜትር ካሬ ነው፤ «1.5»፣ «2.5»፣ «4» የምንለው ይህን ነው። በገበያ ካሉት መላጫዎች ብዙዎቹ ግን ቀዳዳቸው የተቆጠረው ኤ.ደብሊው.ጂ በተባለው የአሜሪካ መለኪያ ሲሆን፣ በዚህ መለኪያ ቁጥሩ ሲጨምር ሽቦው ይቀጥናል። 14 ቁጥር 2.08 ሚሊ ሜትር ካሬ ነው፤ 12 ቁጥር 3.31፣ 10 ቁጥር 5.26። ባለ 2.5 ሽቦ በ14 ቁጥር ቀዳዳ ከተላጠ ቀዳዳው ከመዳቡ ስለሚጠብ ዙሪያውን ይፍቀዋል። ስለሆነም ለ1.5 ሽቦ 14 ቁጥርን፣ ለ2.5 ሽቦ 12 ቁጥርን፣ ለ4 ሽቦ 10 ቁጥርን ይጠቀሙ። ልባሱ ሙሉ በሙሉ ባይቆረጥም በጉተታ ይበጠሳል።

ሲገዙ የሚላጠውን ሽቦ ቁራጭ ይዘው ይሂዱ። በሻጩ ፊት አንድ ጊዜ ልጠው መዳቡን ወደ ብርሃን ያዙሩት፤ ዙሪያውን የሚያብረቀርቅ ቀጭን መስመር ከታየ መሣሪያው ወይም የመረጡት ቀዳዳ ልክ አይደለም። ይህን ለመፍቀድ ቅር የሚለው ሻጭ አይኖርም።

እጀታውን በተመለከተ፣ ቀይ ወይም ቢጫ ፕላስቲክ የለበሰ ፒንሳ ሁሉ ከኤሌክትሪክ ይከላከላል ማለት አይደለም። አብዛኛው ፕላስቲክ ለመያዝ እንዲመች የተደረገ ነው። ለኤሌክትሪክ ሥራ የተፈተነ መሣሪያ በላዩ ላይ የሁለት ሦስት ማዕዘኖች ምልክትና 1000 ቮልት የሚል ጽሑፍ ታትሞበታል። ይህ ምልክት ያለው መሣሪያም ቢሆን ኃይል ያለውን ሽቦ ለመላጥ ፈቃድ አይሆንም፤ ስህተት ቢፈጠር ጉዳቱን ለመቀነስ ነው።

አሠራሩ

ስንት መላጥ እንዳለበት የሚወስነው የሚገባበት ዕቃ ነው። በብዙ ሶኬቶች ጀርባ ላይ ልኩ በትንሽ መስመር ተቀርጿል፤ ከሌለ ከ8 እስከ 12 ሚሊ ሜትር አብዛኛውን ይሸፍናል። አጥሮ ከተላጠ ብሎኑ በመዳቡ ፋንታ ፕላስቲክ ይጨብጣል፤ ረዝሞ ከተላጠ ራቁት መዳብ ከማሰሪያው ውጭ ይቀራል። ሁለቱም ጥፋት ናቸው። የመጀመሪያው ግን ተጠብቆ የታሰረ ስለሚመስል የበለጠ ያታልላል።

ሽቦውን በትክክለኛው ቀዳዳ ያስገቡ፤ መንጋጋውን ይግጠሙ፤ ሩብ ዙር ወደ ግራና ወደ ቀኝ አዙረው በቀጥታ ይጎትቱ። ከዚያ መዳቡን ይመልከቱ። ጭረት ካለ ወይም ክር ከተበጠሰ ያንን ጫፍ ቆርጠው እንደገና ይጀምሩ። እንደገና ለመጀመር ግን ትርፍ ሽቦ ያስፈልጋል፤ ስለዚህ አዲስ መስመር ሲዘረጋ በየስካቶላውና በየሶኬቱ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ትርፍ እንዲተው ባለሙያውን ይጠይቁ። ሽቦ ለመቆጠብ ተብሎ አጥሮ የተቆረጠ ጫፍ፣ ከዓመታት በኋላ የሚጠግነውን ሰው የቆሰለውን ጫፍ መልሶ እንዲጠቀም ያስገድደዋል።

ባለ ብዙ ክር ሽቦ የተለየ ትኩረት ይፈልጋል። የተለመደው ባለ 2.5 ለስላሳ ሽቦ ውስጡ 50 ያህል እያንዳንዳቸው 0.25 ሚሊ ሜትር የሆኑ ክሮች አሉት፤ በጥድፊያ ሲላጥ አምስቱን ማጣት ሽቦውን በአሥር በመቶ ማቅጠን ነው። ሰባት ወፍራም ክር ባለው ሽቦ ደግሞ አንዱ ብቻ ቢቆረጥ ከሰባት አንድ እጅ ይጠፋል። የተላጠውን ጫፍ ክሮቹ ቀድሞ በተገመዱበት አቅጣጫ በጣት ያጥብቁት። የሚቻል ከሆነ ለዚሁ የተሠራውን የመዳብ ጫፍ ማልበሻ አጥልቀው በመጭመቂያው ይጫኑት። ጫፉን በቆርቆሮ ብየዳ ማጠንከር ግን ብሎን ሥር ለሚገባ ሽቦ አይሆንም፤ ብየዳው ለስላሳ ስለሆነ በግፊት ቀስ በቀስ ይሸሻል፤ ብሎኑም ይላላል።

ወፍራም የውጭ ሽፋን ያለውን ባለ ሁለት ወይም ባለ ሦስት ሽቦ ኬብል ሲልጡ ሁለት ሥራ እንዳለ ያስቡ። የውጩን ሽፋን እስከ ውስጠኛው ድረስ በሚደርስ ቢላ ዙሪያውን መቁረጥ የውስጥ ሽቦዎችን ልባስ ይሰነጥቃል። ጥልቀቱን ቀንሰው ዙሪያውን ጥቂት ካሰመሩ በኋላ ኬብሉን ቢያጥፉት ሽፋኑ በራሱ ይከፈታል።

የምጣድ መስመር

ስለ ምጣድ ለብቻው መናገር የተፈለገው በአብዛኛው ቤት ውስጥ ትልቁ ጭነት እሱ ስለሆነ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ በተለምዶ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይወስዳል፤ በ220 ቮልት ሲሰላ ከ14 እስከ 18 አምፔር ማለት ነው። ተራ ሶኬትና ስፒና የተሠራው ለ16 አምፔር ነው። ምጣዱ የሶኬቱን አቅም እስከ ጫፍ፣ አንዳንዴም አልፎ ይጠቀማል፤ ያውም እንጀራ ተጋግሮ እስኪያልቅ ለሰዓታት።

አሁን በዚህ መስመር ላይ በደንብ ያልተላጠ አንድ ጫፍ አለ እንበል። ክሮች ተበጥሰው ወይም ብሎኑ ፕላስቲክ ጨብጦ በመገናኛው ላይ 0.1 ኦም ብቻ ተቃውሞ ተፈጠረ። በ16 አምፔር እዚያች ነጥብ ላይ 25 ዋት ያህል ሙቀት ይወጣል። ይህ የሬዲዮ ጠጋኝ ቆርቆሮ ከሚያቀልጥበት መበየጃ ጋር የሚመጣጠን ነው፤ በሶኬት ውስጥ፣ በፕላስቲክ ተከቦ። ሙቀቱ ልባሱን ያደርቃል፤ መዳቡን ያጠቁራል፤ ተቃውሞው ይጨምራል፤ ሙቀቱም አብሮ ይጨምራል። ብሬከሩ ይህን አያውቅም፤ የሚያልፈው አምፔር እንደተለመደው ነውና። በእንጨትና በጭቃ በተሠራ ግድግዳ ውስጥ፣ ጭድ ከጭቃው ጋር በተቦካበት ቤት፣ ይህ ምን ሊያስከትል እንደሚችል ለአካባቢው ነዋሪ ማስረዳት አይጠበቅብንም።

በመሆኑም ምጣድ ከራሱ ብሬከር የሚነሣ የተለየ መስመር ቢኖረው፣ ሽቦውም 4 ሚሊ ሜትር ካሬ ቢሆን ይመረጣል። ከተጋገረ በኋላ፣ ምጣዱ ጠፍቶና ስፒናው ተነቅሎ፣ ስፒናውን በእጅ ጀርባ ይዳስሱ። ለብ ማለት ያለ ነው፤ እጅ የማያስችል ከሆነ፣ ቡኒ ቀለም ወይም የተቃጠለ የዓሣ መሰል ሽታ ካለ መስመሩን መጠቀም ያቁሙ። ጫፉ ተቆርጦ እንደ አዲስ መላጥ፣ ሶኬቱና ስፒናውም መለወጥ አለባቸው። ብሎኑን ማጥበቅ ብቻ የተቃጠለውን መዳብ አያድነውም።

ቆርቆሮ፣ አሉሚኒየም፣ ሶላር

በጃቢ ጠህናን፣ በወምበርማ፣ በደምበጫና በቡሬ ዙሪያ ባሉ ቀበሌዎች በብዛት የሚታየው ቤት የባሕር ዛፍ ግድግዳና የቆርቆሮ ክዳን ያለው ነው። ሽቦው ከቆርቆሮው ጠርዝ ሥር ሲገባ ሹሉ ጠርዝ ራሱ መላጫ ይሆናል። ነፋስ በነፈሰ ቁጥር ልባሱ እየተፋቀ ፌዙ ቆርቆሮውን ከነካ ክዳኑ በሙሉ፣ ከክዳኑ ጋር የተያያዘው የልብስ ማስጫ ሽቦም ጭምር፣ ኃይል ይሸከማል። በክረምት እርጥብ መሬት ላይ በባዶ እግሩ የቆመ ሰው ሲነካው አደጋው ለሞት የሚያደርስ ነው። ሽቦው በሚገባበት ቦታ የፕላስቲክ ቱቦ ይደረግ፤ በናስትሮ መጠቅለል በፀሐይና በዝናብ ስለሚላቀቅ ዘላቂ መፍትሔ አይሆንም። ከሰኔ በፊት ዙሪያውን አንድ ጊዜ መመልከት ተገቢ ነው። በዋናው ሳጥን ላይ 30 ሚሊ አምፔር የሚፈስስ ኃይልን ለይቶ የሚያቋርጥ ብሬከር ማስገጠም ሕይወት ያድናል፤ ወጪውን በተመለከተ ለመደራደር የሚያስፈልገው ዕቃ እሱ አይደለም።

ከምሰሶ ወደ ቤት የሚመጣው ገመድ በአብዛኛው አሉሚኒየም ነው። አሉሚኒየም ከመዳብ ይለሰልሳል፤ በቀላሉ ይቆስላል፤ ከመዳብ ጋር በቀጥታ ተጠምዝዞ ከታሰረ በእርጥበት ይበላል። መገናኛው ለሁለቱ ብረቶች የተሠራ ልዩ ማያያዣ ይፈልጋል። ይህ ክፍል የአገልግሎቱ ሠራተኞች ሥራ መሆኑን ከላይ ገልጸናል፤ እዚህ የተነሣው ደንበኛው በምሰሶው በኩል የሚያብለጨልጭ መገናኛ ሲያይ ዝም ብሎ እንዳያልፍ ነው።

መስመር ባልደረሰባቸው መንደሮች ያሉት አነስተኛ የሶላር መብራቶች በ12 ቮልት ስለሚሠሩ ንዝረታቸው አያሰጋም። ባትሪው ግን ሁለት የተላጡ ጫፎች ከተነካኩ ሽቦውን እስኪያግል የሚደርስ ኃይል ይለቅቃል። አንዱን ጫፍ ልጠው፣ አስረው፣ ሸፍነው ከጨረሱ በኋላ ብቻ ሁለተኛውን ይላጡ። የመስኖ ፓምፕ የሚያንቀሳቅሱት ብዙ ተከታታይ ሰሌዳዎች ጉዳይ የተለየ ነው፤ ተደምረው በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ሊሰጡ ይችላሉ፣ ፀሐይ እስካለች ድረስም በማብሪያ ማጥፊያ አይጠፉም። በእነዚህ ላይ ነዋሪው ሽቦ መላጥ የለበትም።

የወፍጮ ቤት ባለቤቶችም በ380 ቮልት በሚሠራ ሞተር ላይ ያለው ሥራ በሙሉ የባለሙያ እንደሆነ ሊያውቁ ይገባል። ባለሙያው ሲመጣ የሞተሩ ማሰሪያ ሳጥን ውስጥ የገባውን ዱቄት እንዲያጸዳና ጫፎቹን እንዲፈትሽ መጠየቅ ግን የባለቤቱ ድርሻ ነው፤ የወፍጮ ንዝረት በደንብ ያልተላጠና ያልታሰረ ጫፍን ፈጥኖ ያላላዋል።

ባለሙያ ሲቀጥሩ

የኤሌክትሪክ ሥራ ተቋራጮችንና ባለሙያዎችን ብቃት የሚያረጋግጠው የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን ነው። በቴክኒክና ሙያ ተቋማት በሕንፃ ኤሌክትሪክ ዝርጋታ የሠለጠኑም የብቃት ምዘና የምስክር ወረቀት ይይዛሉ። ማስረጃውን ማየት የተገልጋዩ መብት ነው፤ መጠየቅም እንደ ድፍረት ሊቆጠር አይገባም። ወረቀቱን ካዩ በኋላ የመሣሪያ ቦርሳውን ይመልከቱ። በውስጡ ቴስተርና የሽቦ መላጫ ከሌለ፣ ሥራውም በጥርስና በምላጭ ከተጀመረ፣ ሥራውን ማስቆም ይችላሉ። ክፍያ ከመፈጸምዎ በፊት ብሬከሩ እንደጠፋ ሁለት ሦስት ሶኬቶችን አስከፍተው ጫፎቹን ይዩ፤ እያንዳንዱን ሽቦ በቀስታ ሳብ ሲያደርጉት መነቃነቅ የለበትም።

ከምሰሶ እስከ ቆጣሪ ባለው መስመር ላይ ለሚያጋጥም ብልሽት፣ ለሚያብለጨልጭ መገናኛ ወይም ለወደቀ ሽቦ በአቅራቢያዎ ለሚገኘው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ጽሕፈት ቤት ያመልክቱ፤ ወይም በጥሪ ማዕከሉ ቁጥር 905 ይደውሉ። ሲደውሉ የከተማውን ወይም የቀበሌውን ስም፣ ለምሰሶው ቅርብ የሆነ የታወቀ ቦታና በደረሰኝዎ ላይ ያለውን የደንበኛ ቁጥር ቢያዘጋጁ ሠራተኞች ቦታውን ለማግኘት ይቀላቸዋል። ሠራተኞቹ እስኪደርሱ ሰውና ከብት ወደ ወደቀው ሽቦ እንዳይቀርቡ ያድርጉ፤ መንደሩ መብራት የሌለው ቢሆንም።